ፊርማ ያረፈበት የቶኒ አዳምስ ማልያ፣ ፎቶግራፍ ወይስ ኳስ? ለሐዋሳ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

በሐዋሳ የእንግሊዝ ጨዋታ በሚታይባቸው ቤቶች የአርሰናል ደጋፊ አይታጣም፤ ከእነዚህም መካከል ለሳሎኑ፣ ለካፌው ወይም ለጨዋታ ማሳያ ቤቱ የቀድሞ ተጫዋች ፊርማ ያረፈበት ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ አለ። ከአጥቂዎች ይልቅ ተከላካይ የሚመርጥ ደጋፊ ዓይኑን በቶኒ አዳምስ ላይ ቢጥል አያስደንቅም። የዚህን ተጫዋች ፊርማ ይዘው ለገበያ የሚቀርቡት በአብዛኛው ማልያ፣ ፎቶግራፍና ኳስ ሲሆኑ፣ ሦስቱ በዋጋም፣ በዕድሜም፣ በትርጉምም እኩል አይደሉም።

አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1983 ገና በ17 ዓመቱ ለአርሰናል ዋና ቡድን ተሰልፎ በ2002 ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ ለሌላ ክለብ አልተጫወተም። በ1988 በ21 ዓመቱ አምበል ሆነ፤ ቡድኑም በእርሱ አምበልነት በ1989፣ በ1991፣ በ1998 እና በ2002 የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በ1990/91 የውድድር ዘመን አርሰናል በ38 ጨዋታዎች የተቆጠሩበት ግቦች 18 ብቻ ሲሆኑ፣ አዳምስ ግን ከዚያው ዘመን የተወሰነውን ጊዜ ጠጥቶ በማሽከርከር ተፈርዶበት በእስር ቤት ነው ያሳለፈው። በ1996 የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ፤ በ2000 ደግሞ በሱስ የተያዙ ስፖርተኞችን የሚረዳውን ስፖርቲንግ ቻንስ የተባለ ድርጅት መሠረተ። ሲጫወት ያላየው ወጣት ሳይቀር ፊርማውን የሚፈልገው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከዋንጫዎቹ ባልተናነሰ ለዚህ ወድቆ የመነሣት ታሪክ ሲል ነው።

የተከላካይ ሥራ በግብ ብዛት የማይለካ በመሆኑ፣ መታሰቢያው የሚያያዘው በጥቂት የታወቁ ቅጽበቶች ነው። ለአዳምስ ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው በግንቦት 3 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. አርሰናል ኤቨርተንን 4 ለ 0 ሲረታ፣ ሌላው ተከላካይ ስቲቭ ቦልድ ባቀበለው ኳስ የመጨረሻዋን ግብ አስቆጥሮ እጆቹን ዘርግቶ የቆመበት ቅጽበት ነው። በ2011 በኤምሬትስ ስታዲየም ደጃፍ የቆመው ሐውልቱም እጆቹን እንደዘረጋ ያሳየዋል። ፎቶግራፍ ያንን ቅጽበት ራሱን ስለሚይዝ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከማልያ ርካሽ ነው፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ቀለሙም በወረቀቱ ላይ ሳይፈስ ይቀመጣል። ጉድለቱ፣ ተራ የኅትመት ፊርማ በቀላሉ የሚሠራበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሲደርስ በማጉያ መነጽር መመልከት ይገባል፦ ፊርማው ከሥዕሉ ጋር አብሮ የታተመ ከሆነ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ይታያል፤ በማርከር የተጻፈ ከሆነ ግን መሥመሮቹ በተሻገሩበት ቦታ ቀለሙ ይደምቃል።

ማልያ ክብሩ ከፍ ያለ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀልም ቤቱን ይሞላል። ነገር ግን ገዢው በቅድሚያ ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለሽያጭ የሚቀርበው ማልያ በአብዛኛው አዳምስ ለብሶት የተጫወተበት ሳይሆን ከሱቅ ተገዝቶ የተፈረመበት ቅጂ መሆኑ ነው። ሻጩ «የዘመኑ» ካለ ደግሞ ታሪኩን በሦስት ነገሮች መፈተን ይቻላል። በፕሪሚየር ሊጉ ቋሚ ቁጥርና ስም በጀርባ ላይ መጻፍ የተጀመረው ከ1993/94 ጀምሮ ስለሆነ፣ አርሰናል በአንፊልድ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ የወሰደበትን የ1989 ቢጫ ማልያ «አዳምስ 6» ተብሎ ታትሞበት ካገኙት ጽሑፉ ኋላ የተጨመረ ነው። የ1989ኙ ማልያ የአዲዳስ ሲሆን የ1998ቱ ደግሞ የናይኪ ነው። ደረት ላይ ያለው ጄቪሲ እስከ 1999 የቆየ ስፖንሰር ስለሆነ፣ የ2002 ነው ተብሎ ጄቪሲ የተጻፈበት ማልያ ቢቀርብልዎ አይቀበሉ። ከቀለም አንጻር ቢጫው ይመረጣል፣ ምክንያቱም ጥቁር ማርከር በቀይ ጨርቅ ላይ እምብዛም አይታይም። በቀዩ ላይ ፊርማው በነጩ ቁጥር ላይ ያረፈውን መፈለግ ይሻላል።

ኳስን አልመክርም። አየሩ እየቀነሰ ሲሄድ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ፊርማውም አብሮ ይሰነጠቃል፤ የመስታወት ሣጥን ካልተሠራለት ደግሞ አቧራና የሰው እጅ ያደበዝዙታል።

ለሦስቱም የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ዋጋ የሚኖረው የሰጪውን ማንነትና ፊርማው የተፈረመበትን ጊዜና ቦታ ሲገልጽ ነው፤ «እውነተኛነቱ የተረጋገጠ» ብቻ የሚል ወረቀት ማንም በኮምፒውተር አትሞ ሊሰጥ ይችላል። ሲፈርም የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያለው ይበልጣል፤ ሆኖም በፎቶው ላይ የሚታየው ያው የሚገዛው ዕቃ መሆኑን ማመሳከር ያስፈልጋል። አዳምስ ረጅም ዘመን የተጫወተና ብዙ የፈረመ ተጫዋች ስለሆነ፣ «ብርቅ ነው» በሚል ሰበብ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም። (የማረጋገጥ ጭንቀቱ የሚከብደው ሰው የሐዋሳ ከተማን ማልያ ይዞ ልምምድ ሜዳ ዳር ቢጠብቅ፣ ተከላካዩ ዓይኑ እያየ ይፈርምለታል፤ ክለቡም የአገሪቱን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣ ክለብ ነው።)

ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት የኤቨርተኑን ግብ ፎቶግራፍ እመርጣለሁ። ማልያ የሚያዋጣው ሰፊ ግድግዳ ላለውና ደንበኛ ለሚያስተናግድ ቤት ነው፤ ይህም የጉምሩክ ቀረጥና የማጓጓዣ ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር አስቀድሞ ከተሰላ በኋላ ነው። የትኛውም ቢመረጥ ፍሬም ሳይገባ እንዲላክ ማዘዝ ይሻላል፤ መስታወት በመንገድ ይሰበራል፣ ክብደትም ይጨምራል። ፍሬሙን እዚሁ ማሠራት ይቻላል፤ ሠሪው ፊርማውን ከመስታወቱ ጋር እንዳያጣብቀው በመካከል የካርቶን ጠርዝ እንዲያስገባ ይነገረው። የሚሰቀልበትም ግድግዳ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን፤ የሐዋሳ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት እየገባ የማርከርን ቀለም ያደበዝዛልና።