ጃኩዚ በደብረ ብርሃን ብርድ፦ ከ14 ወር በኋላ

ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የተወራው "አረቄ ጀመሩ" ተብሎ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከጓሯችን ነጭ እንፋሎት ሲትጎለጎል ከአጥር ማዶ የሚያይ የደብረ ብርሃን ሰው ሌላ ምን ያስባል፣ እኔም ብሆን እሱን ነው የማስበው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጋሼ በር ላይ አስቁመውኝ "ልጄ፣ ዳግሙ ሲወርድ እኛንም ቅመሱ በሉን እንጂ" ሲሉኝ ነው ነገሩ የገባኝ። አስገብቼ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ነከር አረጉና ትንሽ ዝም ብለው "ይሄ ሁሉ ውሃ ሰው ሊቀመጥበት ነው?" አሉ። አዎ ጋሼ፣ ሰው ሊቀመጥበት ነው።

ዕቃው በአየር የሚነፋው ዓይነት ጃኩዚ ነው፣ ፋይበር የሆነው ትልቁ አይደለም። እህቴ ከጀርመን ስትመጣ በሁለት ሻንጣ ከፋፍላ ነው ያመጣችው። ብራንዱን አልጠራም፣ እነዚህ የሚነፉት ያው እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። "ለአራት ሰው" ይላል ካርቶኑ ላይ፣ አትመኑት፣ ሁለት ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ሶስት ሲሆን ጉልበት ለጉልበት መገጫጨት ነው። 800 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል፣ በኛ አቆጣጠር 40 ጀሪካን። ማሞቂያው 2,200 ዋት፣ አረፋ የሚነፋው ሞተር ደሞ ወደ 800 ዋት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ አያሞቅም። ከአውሮፓ ስለመጣ በኛ 220 ቮልት ቀጥታ ይሰራል፣ ሶኬቱም ይገጥማል። ከአሜሪካ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ ግን የዛ አገር 120 ቮልት ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ሰክታችሁ እንዳታቃጥሉት።

መብራት ላይ መጀመሪያ ተሳስቻለሁ። በረንዳ ላይ ካለው ሶኬት በኤክስቴንሽን ስቤ ሰካሁት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ገመዱን ስነካው እንደ ብረት ምጣድ ይፋጃል። ነቀልኩና ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ፣ ከቆጣሪው ቀጥታ 4 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦ ዘርግቶ የራሱ ብሬከር አደረገለት፣ ኧርዝ መሬት ውስጥ ቀበረ። ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ኧርዝ የሌለው ነገር አጠገብ መቅረብ የለበትም፣ እዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ። ከዛም በኋላ ግን አንድ ችግር ቀረ፦ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ እማዬ እንጀራ ስትጋግር ጃኩዚው ካሞቀ የቤቱ ዋና ብሬከር ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ጃኩዚ አይሞቅም፣ ይሄ ህግ ነው፣ ማን እንዳወጣው መናገር አያስፈልግም።

ስንት ሰዓት ይፈጃል ለምትሉ፣ የኛ ውሃ ከቧንቧ ሲወጣ 14 ዲግሪ አካባቢ ነው። 800 ሊትር ከ14 ወደ 38 ለማድረስ 22 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ በ2,200 ዋት ስታካፍሉት 10 ሰዓት፣ በዛ ላይ የሚባክነው ሲጨመር 12 ሰዓት በሉት። አርብ ማታ ለመግባት ጠዋት መጀመር ነው። በኋላ የደረስኩበት ዘዴ ጥቁሩን ሮቶ ነው፣ በበጋ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ውሃው 20 ይደርሳል፣ ከዛ ነው የምሞላው። ስድስት ዲግሪ በነፃ አገኘሁ ማለት ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ማሞቂያ ተረፈኝ ማለት ነው።

አሁን ወደ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ደሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በአየር የሚነፋ ዕቃ ይሄን አይወድም። ቀትር ላይ አየሩ ሰፍቶ ግድግዳው እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ሌሊት ሲበርድ ደሞ ሟሽሾ ይገኛል። መጀመሪያ ተበስቶ መስሎኝ በሳሙና ውሃ ስፈልግ አደርኩ። ምንም አልተበሳም፣ አየሩ ነው የሰበሰበው። ጠዋት ሟሽሾ አየሁ ብላችሁ አትንፉት፣ ነፍታችሁት ፀሐይ ከወጣበት ስፌቱ ይፈታል። መመሪያው ደሞ ከ4 ዲግሪ በታች አትጠቀሙ ይላል፣ እኛ ጋ ታህሳስ ላይ ንጋት ስንት እንደሚሆን ጀርመኖቹ የሚያውቁ አይመስለኝም።

አብሮት የመጣው ክዳን ቀጭን ነው። የመጀመሪያው ታህሳስ ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ (ስሟን ከብርሃን ያገኘች ከተማ ውስጥ ነን እንግዲህ)፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲመጣ 38 የነበረው ውሃ 29 ገብቷል፣ ክዳኑ ላይ የቀረው ጤዛ ደሞ በረዶ ሆኖ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ያን ሰሞን እኔ ብልጥ ሆኜ የእማዬን የመንዝ ባና ከሳጥን አውጥቼ ክዳኑ ላይ ደረብኩበት። ሙቀቱን ይዞ አደረ፣ እውነት ነው፣ የበግ ፀጉር የሚያህል የለም። ግን እንፋሎቱን ጠጥቶ ጠጥቶ ጠዋት ላይ ሁለት ሰው የማያነሳው ሆነ፣ ግቢው ዝናብ የመታው በግ በግ ሸተተ። እማዬ ምንም አልተናገረችም፣ ባናውን አጥር ላይ እያሰጣች ዝም ብላ አየችኝ፣ እሱ ይብሳል። አሁን ያለው ይሄ ነው፦ ከታች አንድ ስስ ስፖንጅ ፍራሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ውሃው ፊት ላይ ቲቪ ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም በወፍራም ላስቲክ ታሽጎ ይንሳፈፋል፣ ከዛ ክዳኑ፣ ከዛ ሸራ። ዘንድሮ እንደዛው 12 ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከ38 ወደ 34 ብቻ ነው የወረደው። አንድ የሚያናድድ ነገር፣ መብራት ሲመለስ ማሞቂያው በራሱ አይነሳም፣ ሄዳችሁ መጫን አለባችሁ። ስንቴ ሞቆልኛል ብዬ ፎጣ ይዤ ወጥቼ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብቆኛል።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ውሃው ነው። ሰው ጃኩዚ ገዛሁ ሲል ገንዳ የገዛ ይመስለዋል፣ የገዛው ግን በየቀኑ የሚጠበቅ 800 ሊትር ውሃ ነው፣ እንደ ላም። ሙቅ ውሃ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሳል፣ ባክቴሪያ ደሞ እኛ የምንወደውን ሙቀት እሱም ይወዳል። ክሎሪኑ ቢያንስ 3 ፒፒኤም (በሊትር 3 ሚሊ ግራም ማለት ነው)፣ ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት፣ በምትነከር ወረቀት ነው የሚለካው። እህቴ ያመጣችው የገንዳ ዱቄት ሲያልቅ ወደ በረኪና ዞርኩ። ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 ፐርሰንት የሆነውን። ምንም ክሎሪን የሌለውን 800 ሊትር ወደ 3 ፒፒኤም ለማድረስ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፣ የቡና ስኒ እንኳን አይሞላም። ፓምፑ እየዞረ፣ ሰው ሳይኖርበት ነው የሚጨመረው፣ ከዛ ጠብቆ መለካት።

በረኪና ፒኤቹን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ፒኤች ሲወጣ ደሞ ክሎሪኑ ኖሮም በደንብ አይሰራም፣ ውሃው ይደፈርሳል። እኔ ታዲያ አንድ ቀን ለማውረድ ብዬ አቼቶ ጨመርኩ፣ የት? በረኪና በቀረበት ባልዲ ውስጥ። ሽው ብሎ የመጣው ጋዝ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ እያሳልኩ ሮጬ ወጣሁ፣ ዓይኔ እስከ ማታ አለቀሰ። በረኪናና አሲድ የሆነ ነገር፣ አቼቶም ይሁን ሎሚ፣ በፍፁም በፍፁም አንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙም። አሁን ፒኤች መቀነሻ ዱቄቱን ነው የምጠቀመው፣ ለብቻው፣ በሌላ ሰዓት። ሁለት ሳምንት ሰነፍ ብዬ ሳልለካ የቀረሁ ጊዜ ደሞ የወንድሜ ልጅ በሁለተኛው ቀን ወገቡና ቂጡ ላይ፣ ቁምጣው የሸፈነው ቦታ፣ ቀያይ ሽፍታ ወጣበት። ፋርማሲ ያለው ልጅ ገና ሳያየው "ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር?" አለኝ። በሳምንቱ በራሱ ጠፋ፣ እኔ ግን ውሃውን በሙሉ ደፋሁ።

የደፋሁት ግን ያኔ ብቻ አይደለም። ጥምቀት ላይ አክስቴ ከመሐል ሜዳ መጣች። እግሯን የሚያማት ሰው ናት፣ ገና ከመኪና ሳትወርድ "ያ ፍልውሃ የት አለ" አለች። ገላሽን መጀመሪያ ታጠቢ ስላት ታጠበች፣ ፀጉሯን ግን ለበዓል ለጋ ቅቤ ተቀብታ ነው የመጣችው፣ ሻሽ አስራበታለች፣ እኔም ሻሹን አይቼ ዝም አልኩ። ገባች፣ አረፋውን ከፈትኩላት፣ እንፋሎቱ ሻሹን ሲያርሰው ቅቤው በጆሮዋ ግንድ መውረድ ጀመረ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ውሃው ላይ ቢጫ ዓይን ዓይን የሚመስል ተንሳፈፈ፣ አረፋው እንደ ቢራ ደነደነ፣ ሽታው ዶሮ ወጥ ሊቁላላ ያለ ቤት። "እቴቴ፣ ቅቤው…" ብዬ ስጀምር፣ "ተወው ልጄ፣ ቅቤ ለውሃውም ጥሩ ነው" አለችኝ ዓይኗን ጨፍና።

ማጣሪያው በማግስቱ ተዘጋ፣ ፓምፑ የውሃ ፍሰት የለም ብሎ ስህተት እያሳየ ቆመ። የወረቀት ማጣሪያው እጥፋት ለእጥፋት መሃል ቅቤው ረግቶ ልክ ሻማ የፈሰሰበት ይመስላል። በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ሳሙና አጠብኩት፣ ሳሙናው አልለቅ ብሎ ሲገጠም ደሞ ሌላ አረፋ አመጣ። ጣልኩት። 40 ጀሪካን ውሃ ወጣ፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን የቅባት መስመር በጨርቅ ስፈትግ ዋልኩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን ያህል መድፋት ያሳፍራል፣ ስለዚህ አሁን ውሃ ስቀይር፣ በሶስት ወር አንዴ ነው፣ ክሎሪኑ እስኪጠፋ ሁለት ሶስት ቀን ክፍት ትቼው በባልዲ ለሽንት ቤትና ለግቢ እንጠቀምበታለን። ማጣሪያውን በየሳምንቱ በቧንቧ ነው የማጥበው፣ በውሃ ብቻ፣ ወር ወር ተኩል ሲሆነው ይቀየራል።

የመብራት ነገር። የመጀመሪያው ታህሳስ ቀንና ሌሊት ሳላጠፋ ነው ያከረምኩት፣ ጃኩዚው ብቻውን 500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በላ፣ ቤቱ ሲደመር ከ700 አለፈ። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ከ500 በላይ የመጨረሻው ውዱ እርከን ውስጥ ትገባላችሁ። ቢሉን በስልኬ ስከፍል እማዬ ቁጥሩን በትከሻዬ አየችው። ከዛ ወዲህ ከአርብ እስከ እሁድ ብቻ ነው የሚሞቀው፣ በወር 150 አካባቢ። በሳምንቱ መሃል ቀዝቃዛ ቢሆንም ፓምፑ በቀን ሁለት ሰዓት ይዞራል፣ ክሎሪንም አይቋረጥም፣ ቆሞ የዋለ ውሃ ያሟልጫል።

ክረምት ላይ አጣጥፌ እህል ቤት አስቀመጥኩት፣ ጅል ነኝ፣ እህል ባለበት አይጥ አለ። መስከረም ላይ ስፈታው ሁለት ቦታ ጥርስ አርፎበታል። ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት፣ ገልበጥ ገልበጥ አርጎ "ይሄ ከመነዳሪ አይደለም ወንድሜ፣ የኔ ማስቲሽ አይዘውም" አለኝ፣ እኔ ግን ሞክር አልኩት፣ ሞከረ፣ በሶስተኛው ቀን ተላቀቀ። ልክ ነበር። ዕቃው ፒቪሲ ነው፣ አብሮት በመጣው የፒቪሲ ሙጫ ስለጥፈው እስካሁን ይዟል። ዘንድሮ በርሜል ውስጥ ከድኜ ነው የማስቀምጠው።

ጥቅሙስ? እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ድሮ አዲስ አበባ ፍልውሃ ካልወሰዳችሁኝ ትል ነበር። ሐኪሟን ጠይቀን፣ ግፊቷ ደህና ነው ከተባለ በኋላ 37 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ትገባለች፣ በዛ ማታ ደረጃውን ሳትይዝ ትወጣለች። ጉልበቷን አዳነው አልልም፣ ጠዋት ያው ነው። እርጉዝ የሆነች፣ የልብ ወይም የግፊት ችግር ያለበት ሐኪም ሳይጠይቅ ባይገባ ይሻላል፣ ሕፃናትንም አላስገባም። አረቄ ጠጥቶ መግባትማ አይታሰብም። አንድ ጓደኛዬ ሁለት መለኪያ ብሎ 40 ዲግሪ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲነሳ ዞሮበት እኔ ላይ ነው የወደቀው፣ ደግነቱ ወፍራም ነኝ።

በራሴ ብር እገዛዋለሁ ወይ ብትሉኝ፣ አልገዛም። በስጦታ መጥቶ ከሆነ ግን መጀመሪያ ፎሙን፣ መለኪያ ወረቀቱንና ስድስት ማጣሪያ አዘጋጁ፣ እኔ አሁን የቀረኝ ሁለት ነው፣ እዚህ ደሞ አይገኝም፣ እህቴ እስክትመጣ በቁጠባ ነን።

ትናንት አክስቴ ደወለች፣ ለጥምቀት እመጣለሁ አለች። የፀጉር መሸፈኛ ላስቲክ ገዝቼልሻለሁ አልኳት። "ላስቲክ አጥልቄ ማን ሊያየኝ? ያለ ቅቤ እመጣለሁ" አለች፣ ቀጥላም "ትንሽ ብቻ፣ መሃል አናቴ ላይ።"