አውራሪስ የሚጫንበት ሣጥን፦ በመናገሻ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ መናገሻ አካባቢ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ዱር እንስሳት የግማሽ ቀን ትምህርት ይሰጣል። ባለፈው ሳምንት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ የሄድኩት አውራሪስ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚዛወር የሚያስረዳውን ትምህርት ለመከታተል ነበር። ክፍያው ሻይና ዳቦን ጨምሮ ለአንድ ተማሪ 250 ብር ሲሆን፣ ለተሰጠን አገልግሎት ተገቢ ነው እላለሁ።

የትምህርቱ ዋና ሀብት ግቢው መካከል የቆመው፣ በትክክለኛው መጠን ከእንጨትና ከብረት የተሠራ የማጓጓዣ ሣጥን ነው። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየገቡ በሩ ሲዘጋባቸው፣ ያን ያህል ግዙፍ እንስሳ ጠባብ ቦታ ላይ የሚጫንበት ምክንያት ወዲያው ገባቸው፤ መዞሪያ ቢያገኝ እየተወራጨ ራሱን ይጎዳልና። አስጎብኚው የቀረውን ሥራ በቅደም ተከተል አስረዱን፦ ኢቶርፊን የተባለ እጅግ ኃይለኛ ማደንዘዣ ከሄሊኮፕተር በሚተኮስ መርፌ ይሰጠዋል፤ እንደወደቀ ዓይኑ ይሸፈናል፣ ጆሮው ይደፈናል፤ መድኃኒቱ አተነፋፈስን ስለሚያዳክም ትንፋሹን ያለማቋረጥ የሚከታተል ሰው ይመደብለታል፤ ከዚያም በከፊል የሚያነቃው መድኃኒት ይወጋና፣ እየተንገዳገደና በገመድ እየተሳበ በገዛ እግሩ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። መኪና በማይደርስበት ስፍራ ደግሞ እግሮቹ ታስረው፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ በሄሊኮፕተር ይወሰዳል። ተማሪዎቼ በዚህ ደነገጡ፤ ሆኖም በናሚቢያ በ12 ጥቁር አውራሪሶች ላይ የተደረገውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ቁልቁል መንጠልጠሉ በጎን ከመተኛት የከፋ እንዳልሆነና ለአተነፋፈስ እንዲያውም በጥቂቱ እንደሚሻል አሳይቷል።

ከሣጥኑ የወጣች አንዲት ተማሪ «ሲከፈትለት ምን ይበላል?» ስትል ጠየቀች። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትምህርቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሩዋንዳ አካጌራ ፓርክ የተወሰዱትን ጥቁር አውራሪሶች አነሣና፣ በመድረሳቸው ደስታ ተፈጸመ። ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ጻቮ ፓርክ የተዛወሩት 11 ጥቁር አውራሪሶች በሙሉ ሞተዋል፤ የጉድጓዱ ውኃ ጨዋማ ስለነበረ በጠጡ ቁጥር ይበልጥ ይጠማቸው ነበር፣ ከመካከላቸው የአንበሳ ጥቃት የደረሰበትም ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ቻድ ዛኩማ ፓርክ ከተወሰዱት ስድስቱ አራቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ፤ ሕገ ወጥ አዳኝ አልነካቸውም፤ የስባቸው ክምችት ተሟጦ መገኘቱ ከአዲሱ መኖና ምድር ጋር እንዳልተላመዱ የሚጠቁም ነበር። የተማሪዋ ጥያቄ መልስ እነዚህ ነበሩ።

ይህንን ለአስጎብኚው ሳነሣ «መምህር፣ ልጆቹ እንዳያዝኑ ብለን ነው» አሉኝ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጥቁር አውራሪስ ቀድሞ ይኖርባት ከነበረችና ዛሬ አንድም ካልቀረባት ኢትዮጵያ ለተወለዱ ልጆች፣ አንድን እንስሳ መልሶ ለማስፈር አስቀድሞ ውኃውንና ቅጠሉን መመርመር እንደሚያስፈልግ ማወቅ ከሐዘኑ ይልቅ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ለሚቀጥለው ወር ሌላውን ክፍል ይዤ ልመለስ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ስለ ጻቮና ስለ ዛኩማ ግማሽ ሰዓት እንዲጨመርልን ጠይቄም አስጎብኚው ተስማምተዋል።