አርሴኒክን ከውሃ ለማውጣት፦ ማግኔታዊ ናኖ ቅንጣት ወይስ የሶኖ ማጣሪያ?

በባንግላዴሽ ጉድጓዶች ያለው መርዛማው ንጥረ ነገር አርሴኒክ አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን ቀስ በቀስ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።

ናኖ ቅንጣት፦ እጅግ የደቀቀ የብረት ኦክሳይድ ነው። በደቀቀ ቁጥር አርሴኒክ የሚይዝበት ገጽ ይሰፋል። በ2006 በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሆነውን በደካማ ማግኔት ከውሃ መልሰው ለቀሙት። ዱቄቱ ማግኔቱ ላይ ሲለጠፍ የደፈረሰው ውሃ ጥርት ይላል። እኔን የሚያሰጋኝ ሳይለቀም የሚቀረው ነው። ዝግጅቱም ባለሙያ ይፈልጋል።

ሶኖ፦ ለቤት የሚሆን ቀላል የውሃ ማጣሪያ ነው፤ ባልዲ፣ አሸዋ፣ ከሰል፣ የጡብ ስብርባሪ፣ አርሴኒኩን የሚይዝ የብረት ቁርጥራጭ። መብራት አይፈልግም። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ትዕግስት ይጠይቃል።

የሁለቱም ዝቃጭ አርሴኒክ ስለያዘ በየትም ቦታ መደፋት የለበትም።

ላብራቶሪ ላለው የማጣሪያ ጣቢያ ናኖው ተስፋ አለው። ለገጠር ቤተሰብ ግን ዛሬ ሶኖን እመርጣለሁ።