ሜቲማዞል 5 ሚሊ ግራም፦ የሰው ኪኒን ለአሮጊት ድመት

እየበላች የምትከሳ ድመት ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መጀመሪያ የሚሰጣት የትል መድኃኒት ነው። ዕድሜዋ ከ10 ዓመት ካለፈ፣ ሌሊት እየጮኸች ቤቱን የምትዞር ከሆነ፣ ፀጉሯም ከተንጨባረረ ግን አንገቷን ዳስሱ። አገጯን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ በአውራና በሌባ ጣት ከጉሮሮዋ ግራና ቀኝ እስከ ደረቷ አናት ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ጤነኛ ታይሮይድ (ሆርሞን የሚሠራው የአንገት እጢ) በእጅ አይያዝም። ከምስር እስከ ባቄላ የምታክል፣ ከጣት ሥር የምትንሸራተት ነገር ካገኛችሁ ለደም ምርመራ በቂ ምክንያት አላችሁ።

እንቅርት የሚያውቅ የደጋ ሰው ወዲያው አዮዲን ያለው ጨው ያስባል። የድመቷ ግን ሌላ ነው፤ እጢው ላይ የበቀለ፣ ሆርሞን ከመጠን በላይ የሚያመርት፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው፣ ጨው አያድነውም።

ሜቲማዞል እጢው ሆርሞን እንዳይሠራ ያግዳል፣ እብጠቱን ግን አያጠፋም። ስለዚህ የዕድሜ ልክ ኪኒን ነው፤ ከቆመ በጥቂት ቀናት ሆርሞኑ ተመልሶ ይወጣል። ለሥራው ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። አንዱን ያስቀነሰው ለሰው ተብሎ መሠራቱ ነው።

መጠኑን እንይ። ለድመት የሚጀመረው ከ1.25 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ ኩላሊቷን ከጠረጠረ ከታችኛው ይጀምራል። ባለ 5ቱን ለሁለት መክፈል ቀላል ነው፤ ለአራት ሲከፈል ግን ይፈረካከሳል፣ አንዱ ሩብ ከሌላው ይበልጣል። የኪኒን መቁረጫ ወይም አዲስ ምላጭ ተጠቀሙ። ጓንት አድርጉ፣ ነፍሰ ጡር ሴት የተቆረጠውን አትንካ። አድቅቆ ወተት ውስጥ መበተን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፦ መራራ ስለሆነ ድመቷ አንዴ ቀምሳ አረፋ ትደፍቃለች፣ ከዚያ በኋላ ወተቱንም አትነካም። በለጋ ቅቤ ወይም በጥሬ ጉበት ቁራጭ ጠቅልሎ ምላሷ ላይ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ወዲያው 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በጉንጯ በኩል ስጧት፤ ደረቅ ኪኒን ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ያቆስላል። ጾም ሲገባ ቤት ውስጥ ቅቤም ጉበትም ስለሚጠፋ ለእሷ ትንሽ ቋንጣ አስቀምጡ፤ ድመት አትጾምም። በረመዳን ደግሞ ሱሁርና ኢፍጣር ሰዓቱን ራሳቸው ያስታውሳሉ።

ፋርማሲው ሜቲማዞል ከሌለው ካርቢማዞል ሊሰጣችሁ ይችላል። ሰውነቷ ውስጥ ወደ ሜቲማዞል ይለወጣል፣ ግን 5 ሚሊ ግራሙ 3 ያህል ብቻ ስለሚወጣው መጠኑ በሐኪም እንደገና ይሰላ። ፒቲዩ (ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ ሌላ የታይሮይድ ኪኒን) ቢሰጣችሁ ግን መልሱት። ድሮ ለድመት ይታዘዝ ነበር፤ ከባድ የደም ማነስና የፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ሴሎች) መውረድ ስላመጣ ተተወ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። የድመት ጠቅላላ ቲ-4 (ደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን) ጤነኛ ሲሆን በግምት ከ1 እስከ 4 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር ነው፣ የሰው ከ5 እስከ 12 ገደማ። የሰው ላቦራቶሪ 6 የወጣላትን ድመት «ኖርማል» ብሎ ያትማል፤ ለድመት ግን 6 ከፍ ያለ ነው። ቁጥሩን እንጂ አጠገቡ የተጻፈውን አትመኑ። ውጤቱ በናኖ ሞል በሊትር ከሆነ ለ12.9 አካፍሉት። ለቲኤስኤች (ታይሮይድን ለሚያዘው ሆርሞን ምርመራ) ብር አታውጡ፣ የሰው መመርመሪያ የድመቷን አይለካም። ሁልጊዜም አንድ ላቦራቶሪ ይሁን።

ኪኒኑ ከተጀመረ በ3ኛው ሳምንት ቲ-4 ከክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ጋር ይለካ። ትርፍ ሆርሞን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር የደከመ ኩላሊትን ይሸፍናል፤ ሆርሞኑ ሲወርድ ድክመቱ ይገለጣል። ኪኒኑ ኩላሊቷን የገደለው የሚመስለው ለዚህ ነው። የሚፈለገው ቲ-4 ከ1 እስከ 2.5 ነው። ከ1 በታች ማውረድ ግን ራሱ ኩላሊቷን ይጎዳል፣ መጠኑ ይቀነስ።

የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ንቁ ሁኑ። ትንሽ ማስመለስ ወይም ምግብ መጥላት መጠን ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ፊቷን እስኪደማ የምታክ፣ ድዷ ወይም የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ የሆነ፣ ወይም የምታተኩስ ከሆነ ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይበቃል። በየሳምንቱ በካርቶን አድርጋችሁ በሱቅ ሚዛን መዝኗት፣ የካርቶኑን ቀንሱ። ተኝታ ሳለች ደግሞ ከግራ ክርኗ ጀርባ ደረቷ ላይ መዳፍ አሳርፋችሁ ለ15 ሴኮንድ ቁጠሩ፤ ከ55 ካለፈ ልቧ በደቂቃ ከ220 በላይ እየመታ ነው፣ መድኃኒቱ ገና አልያዘም።

በቀን ሁለት ጊዜ 2.5 የምትወስድ ድመት በወር 30 ፍሬ ትጨርሳለች። ከወልዲያም ሆነ ከሐይቅ ደሴ ሄዶ የሚገዛ ሰው 10 ፍሬ ሲቀረው ይነሳ።