በማሪኒ ሰፈር የእግር ጉብኝት፦ ለአናጺ ልጅ የሚገባ ነው፤ ጉልበት የሚያማችሁ ግን አስቡበት

ከሂውስተን እስከ ኒው ኦርሊንስ በመኪና አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ሰው ወደዚያች ከተማ የሚሄደው ለሙዚቃና ለምግብ ነው፤ እኔ የሄድኩት የበር መቃን ለማየት ነው። አባቴ አናጺ ነበር። እኔም እዚህ አገር እንጀራዬን የማገኘው አሮጌ ቤት በማደስ ስለሆነ፣ የክሪዮል ቤቶችን (የከተማዋ የጥንት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች የሠሯቸውን) እየዞሩ የሚያሳዩበት የእግር ጉብኝት አለ ሲሉኝ ሁለት ቦታ ያዝኩ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር ለመጣችው እናቴ። ለእርሷ ቦታ የያዝኩት ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ላለመተው ያህል ነበር፤ ይህን ግምቴን በኋላ አፍሬበታለሁ።

ዋጋው ለአንድ ሰው 30 ዶላር ነው፤ ጉርሻ ለብቻው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ሰዓት ይላል፤ እኛ ሁለት ሰዓት ከሃያ ፈጅተናል። መነሻው ማሪኒ ውስጥ ያለው ዋሽንግተን አደባባይ የተባለው መናፈሻ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። አስጎብኚው ከከተማው የተሰጠውን ፈቃድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ እግሩ የሚፈጥን፣ አርባዎቹን የጀመረ የአካባቢው ልጅ ነው። ዘግይተው የመጡ ባልና ሚስትን ስንጠብቅ ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። ወሩ ሰኔ፣ ጊዜው ከምሳ በኋላ ነበር። የዚያን ከተማ የሰኔ አየር ለማያውቅ፣ ከምጣድ ላይ አክንባሎ ሲነሳ ፊትን የሚመታውን እንፋሎት ያስብ።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በርናር ደ ማሪኒ ከተባለ ባለርስት ነው። ሰውየው የአባቱን እርሻ በ1800ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እየሸነሸነ ለቤት መሥሪያ ሸጠ፤ ቁማር ወዳድ ስለነበረም አንዱን መንገድ ክራፕስ በሚባለው የዳይስ ጨዋታ ስም ጠራው። ሌላው መንገድ ፍቅር፣ ሌላው ደጋግ ልጆች ይባል ነበር። ኋላ ላይ ስሞቹ ተቀይረው ዛሬ በርገንዲ፣ ራምፓርትና ሴንት ክሎድ ሆነዋል። ይህን ስተረጉምላት እናቴ፣ «እኛስ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለን አይደል፤ ንገረው» አለችኝ። ነገርኩት። ትርጉሙን ሲሰማ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ።

ወደ ቤቶቹ ልግባ። ማሪኒን የሞላው የክሪዮል ጎጆ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ የሚቆም፣ ግቢው ከኋላ እንጂ ከፊት የሌለው፣ ፎቅ የሌለው ወይም ጣሪያው ሥር ትንሽ ቆጥ ያለው ቤት። ከፊት አራት ክፍት ቦታዎች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ በር፣ ሁለቱ መስኮት ናቸው፤ አራቱም በር የሆኑበትም አለ። ውስጡ አራት እኩል ክፍሎች ናቸው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ኮሪደር የሚባል ነገር የለም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚታለፈው በቀጥታ ነው፤ ሰው ተኝቶም ቢሆን። እናቴ ይህን ስትሰማ ቆም ብላ፣ «ታዲያ ሰው ሲጣላ የት ሄዶ ያኮርፋል?» አለች። ከኋላ በኩል ካቢኔ የሚሏቸው ሁለት ትናንሽ ጓዳዎች አሉ፤ የሚኮረፍበት እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ጣሪያው ደግሞ ከግድግዳው አልፎ በእግረኛው መንገድ ላይ ይወጣል። አስጎብኚው የፈረንሳይኛ ስሙን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሊያስጠናን ሞከረ፤ እኔ ግን አማርኛው ታዛ ስለሆነ አልተቸገርኩም። ፀሐይንም ዝናብንም ይከለክላል፤ መንገደኛም ይጠለልበታል። እኛም ተጠልለንበታል፤ በሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ሰማዩ ሳያስጠነቅቅ ወርዶብን አሥራ አንዳችንም አንድ ሐምራዊ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፈን ቆመናል። ስለ ታዛ ጥቅም ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር።

የጉብኝቱ ልብ ከዝናቡ በኋላ መጣ። አንድ እድሳት ላይ ያለ ቤት ጎን ልስኑ ረግፎ አጥንቱ ይታያል። ወፋፍራም የእንጨት ቋሚዎች፣ በቋሚዎቹ መካከል የተገደሙ ማገሮች፣ ክፍተቱን የሞላው ቀይ ጡብ። የከተማዋ ጡብ ከወንዝና ከሐይቅ ዳር ጭቃ የተጠፈጠፈ ለስላሳ ጡብ ስለሆነ እርጥበት ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ልስኑ ለጌጥ ሳይሆን ለዝናብ የተለበሰ ነው። እንጨቱ ሳይፕረስ የሚሉት፣ ረግረግ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ ነው፤ የእኛ የፈረንጅ ጥድ የሩቅ ዘመድ መሆኑ ነው። የቆየው ሳይፕረስ ምስጥም መበስበስም አይደፍረውም ይባላል፤ ምስጥ በሞላባት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አስጎብኚው የእንጨቶቹን መጋጠሚያ በፎቶግራፍ አሳየን፦ አንዱ በአንዱ ጉድጓድ እየገባ፣ በእንጨት ችንካር ተይዞ፣ በየመጋጠሚያው ላይ የሮማ ቁጥር ተቀርጾበታል። መሬት ላይ ልክክ አድርገው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ፈትተው፣ ከዚያ ያቆሙት ነበር። አባቴ ሳጥኑ ውስጥ በሚያስቀምጣት ወፍራም እርሳስ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ የሚጽፈው ለዚሁ ነበር። ልጅ ሆኜ ፊደል የሚለማመድ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያም አስጎብኚው ከቦርሳው በጨርቅ የተጠቀለለ ጓል አወጣ። ጡብ ባልተገኘበት፣ በተለይ በገጠሩ ሉዊዚያና፣ በቋሚዎቹ መካከል የሚሞላው ቡዚያዥ የሚባል ነገር ነበር፤ ጭቃ ከዛፍ ላይ እንደ ሽበት ከሚንጠለጠል ተክል ጋር ተቦክቶ የሚለሰን። ጓሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰዎች በሁለት ጣት ይዘው አዩት፣ ፎቶ አነሱት፣ አሳለፉት። እናቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገለበጠችው፤ በጥፍሯ ጫረችው፤ አሸተተችው።

«ይኼማ ምርጊት ነው» አለች። «ጭድ አጥተው ነው እንጂ። ስንት ቀን አቡክተው እንደሚያቆዩት ጠይቅልኝ። እበትስ አይጨምሩበትም?»

ሰውየው ስለ እበቱ ተጠይቆ እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። ቀጥሎ ግን አስተዋይነቱን አሳየ፤ የተጻፈውን ትምህርት ትቶ እርሷን ይጠይቅ ጀመር። እናቴም በተረጋጋ ድምፅ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር እንዴት በእግር እንደሚረገጥ፣ ለምን ውሃ እየተደረገበት እንደሚከርም፣ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ቢደረብ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አስረዳች። እኔ ተረጎምኩ። ከኦሃዮ የመጡ አንዲት ጡረተኛ እየጻፉ ነበር። ከ30 ዶላሬ ሃያ አምስቱ እዚያ ተመልሶልኛል።

የቀረው አምስት ዶላር ላይ ነው ቅሬታዬ።

አንደኛ፣ ጉብኝቱን ሲያስተዋውቁ «ለአረጋውያን ምቹ» ብለው ነበር። አይደለም። የዋርካ ያህል የተንሰራፉ የኦክ ዛፎች ሥር የእግረኛውን መንገድ ጡብ እየፈነቀለ ወደ ላይ አንሥቶታል፤ ዓይንን ከመሬት ነቅሎ ቤት ማየት አደገኛ ነው፣ የተከፈለው ደግሞ ቤት ለማየት ነው። ለአንድ ሰዓት ከሩብ መቀመጫ አላገኘንም። እናቴ በመጨረሻ የሰው ደጃፍ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፤ ባለቤቲቱ ወጥተው ያባርሩናል ብዬ ስሳቀቅ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘውላት መጡ። ይህ የሰፈሩ ደግነት እንጂ የድርጅቱ አገልግሎት አይደለም።

ሁለተኛው ይብሳል። ማሪኒን ከገነቡት ውስጥ ብዙዎቹ ነጻ የሆኑ ጥቁሮችና ክልሶች ነበሩ፤ ባሪያ ንግድ በሚካሄድባት ከተማ ውስጥ የራሳቸው መሬት፣ የራሳቸው ሙያ የነበራቸው። ዣን ሉዊ ዶሊዮል የተባለው ግንበኛ በ1820 ገደማ የሠራው ቤት ፖገር መንገድ ላይ አሁንም ቆሟል፤ መሬቱ ስለተጣመመ ቤቱም ከመሬቱ ጋር ተጣሟል፣ ጣሪያውም ጥመቱን ተከትሎ ታጥፏል። ያን የመሰለ ጣሪያ ማዋቀር ምን ያህል ጭንቅላት እንደሚጠይቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አስጎብኚው ለዚህ ቤት የሰጠው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ፊልም ተቀርጾበታል ላለው አንድ ተራ ቤት ግን ዘጠኝ ደቂቃ ቆመናል፤ ሰዓቴን አይቻለሁ። ጡቡን የጠፈጠፉት ባሪያዎች ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፉ።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። ጥይት ከፊት በር ቢተኮስ በኋላ በር ይወጣል የሚባልላቸውን፣ ክፍሎቻቸው እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ ጠባብ ቤቶች ሲያሳየን፣ ጠባብ የሆኑት ግብር በግንባራቸው ስፋት ስለሚሰላ ነው አለ። አላመንኩትም። መሬቱ ራሱ የተሸነሸነው ጠባብና ረጅም ተደርጎ ነው፤ ጠባብ መሬት ላይ ሰፊ ቤት ከየት ይመጣል? ይልቅ በ1809 ከሄይቲ ሸሽተው ኩባ የቆዩ ከ9,000 በላይ ሰዎች ወደዚህች ከተማ መግባታቸውንና ይህ የቤት አሠራር ከእነርሱ ጋር መጥቷል የሚባለውን ቢያብራራው ይሻል ነበር። እርሱን ቶሎ አለፈው።

በነገራችን ላይ የፈረንሳዮች ሰፈር የሚባለው ዋናው አሮጌ ከተማ በአብዛኛው በስፔኖች ዘመንና ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በ1788 በስቅለት ዕለት ከአንድ ቤት መሠዊያ ሻማ የተነሣ እሳት 856 ቤቶችን በላ፤ በ1794 ሌላ ቃጠሎ ተከተለ። እናቴ «በስቅለት!» ብላ አማተበች፤ ከዚያ በኋላ የተነገረውን የሰማች አይመስለኝም።

ጉብኝቱ የሚያበቃው ኤስፕላናድ የተባለውን ጎዳና ተሻግሮ ትሬሜ በተባለው ጎረቤት ሰፈር ውስጥ፣ ክሌይቦርን ጎዳና ላይ ነው። በመካከሉ በአራት ረድፍ የቆሙ ኦኮች፣ ከጎኑም የጥቁሮች ሱቆች የነበሩበት ጎዳና ነው። በ1960ዎቹ ዛፎቹ ተቆረጡና ከላዩ የፈጣን መንገድ ድልድይ ተዘረጋበት። አሁን በኮንክሪት ምሰሶዎቹ ላይ የዛፍ ሥዕል ተሥሏል። አስጎብኚው እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አያቱ ሱቅ የነበራት እዚያ ነው። እናቴ ያደገችበት ዶሮ ማነቂያ በ2024 ስለፈረሰ ትርጉም አልጠየቀችኝም። እጁን ይዛ «አይዞህ» አለችው፤ በአማርኛ። መኪኖቹ ከላያችን ያጓራሉ።

መሄድ የምትፈልጉ የጠዋቱን ያዙ፤ ከሰዓቱን አትሞክሩት። ጫማ ዝግ ይሁን፣ ጃንጥላ ያዙ። መጸዳጃ ቤት መነሻው አጠገብ ካለው ቡና ቤት ውጭ የለም። ቤት ውስጥ አያስገቡም፤ የሚታየው ከመንገድ ብቻ ነው። ሰውየው ጓሉን ረስቶ እንዳያልፈው ደግሞ ገና ስትነሡ ጠይቁት፤ ከቦርሳው የውጭ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።