የአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ላይብረሪ የጸደይ ፕሮግራም፦ የቱ ይጠቅማል፣ የቱ ላይ ይሰናከላል?

ማርች ሲገባ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ላይብረሪ በሩ አጠገብ አንድ የታጠፈ ወረቀት ያስቀምጣል፤ እስከ ሜይ መጨረሻ ያለው ፕሮግራም የተዘረዘረበት ነው። ብዙ ሐበሻ ልጁን ይዞ ገብቶ መጽሐፍ ይመልስና ሌላ ተውሶ ይወጣል እንጂ ወረቀቱን አያነሳውም። ይህ ያስቆጫል። የግብር ሥራ፣ የአትክልት ዘር፣ የዜግነት ፈተና ዝግጅት፣ የሕፃናት ተረት ሰዓት፣ ሁሉም ያለ ክፍያ እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ደግሞም ምጽዋት አይደለም። የኒው ሃምፕሻየሯ ትንሽ ከተማ ፒተርቦሮ በ1833 ከሕዝብ በተሰበሰበ ግብር ነጻ ላይብረሪ ካቋቋመች ወዲህ ወጪው በአብዛኛው ከነዋሪው ኪስ ነው የሚወጣው። ቤት ተከራይቶ የሚኖርም ቢሆን በኪራዩ ውስጥ የድርሻውን እየከፈለ ነው።

አገልግሎቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሰዓቱና ምዝገባው ላይ ነው። ቦታ የተወሰነባቸው ፕሮግራሞች ምዝገባ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ይከፈታል፤ ቅዳሜ የሚውሉት ቶሎ ይሞላሉ። «ሞልቷል» ቢባሉ ተስፋ አይቁረጡ፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ነጻ ስለሆነ ተመዝግቦ የሚቀር ሰው አይጠፋም፤ በዋዜማው ቦታ የተለቀቀበት ኢሜይል ይመጣል፣ ኢሜይሉን በሰዓቱ ያየ ይገባል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚያልፈው የታክስ እርዳታው ነው፤ የማስገቢያው ቀን ኤፕሪል 15 ስለሆነ በኤፕሪል መጀመሪያ ቀጠሮ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። የሚሠሩት የላይብረሪው ሠራተኞች ሳይሆኑ የአይአርኤስን (የፌዴራሉን ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ፈተና ያለፉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንዳንድ ቦታ ቪታ በሚባለው የአይአርኤስ ነጻ የእርዳታ ፕሮግራም፣ አንዳንድ ቦታ ኤኤአርፒ በሚባለው የአረጋውያን ማኅበር ታክስ ኤይድ ስም። ኤኤአርፒ የሚለውን አይቶ «የጡረተኞች ነው» ብሎ የሚመለስ ወጣት አለ። ስህተት ነው፤ ዕድሜም አባልነትም አይጠየቅም።

ቀጠሮ ይዞ ባዶ እጅ የሚያስመልሰው ወረቀት ማጣት ነው። የራስዎንና የልጆችዎን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የፎቶ መታወቂያ፣ ደብሊው ቱ (ከአሠሪ የሚመጣውን የደመወዝ ፎርም)፣ 1099 (የሌላ ገቢ ፎርም)፣ ያለፈውን ዓመት ሪተርን (ያስገቡትን የግብር ሰነድ)፣ የባንክ ራውቲንግና አካውንት ቁጥር ይያዙ። የጤና ኢንሹራንስ በማርኬትፕሌስ (በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ) የገዛ ሰው 1095-ኤ የሚባለውን ፎርም ከረሳ ሪተርኑ ተመልሶ ይመጣል ወይም ተመላሹ ገንዘብ ይዘገያል፤ በየዓመቱ ሰው የሚያጉላላው ይህችው አንድ ወረቀት ናት። ባልና ሚስት አብረው የሚያስገቡ ከሆነ ሁለቱም ተገኝተው መፈረም አለባቸው። እሱ ሥራ ላይ ነው ተብሎ እሷ ብቻዋን ከመጣች ቀጠሮው ባከነ ማለት ነው።

ኡበርና ሊፍት የሚነዱም ይስተናገዳሉ፣ ግን ገደብ አለው። ዓመቱ በኪሳራ ከተዘጋ፣ ሠራተኛ ከተቀጠረ፣ ወይም በማይል ሂሳብ ፈንታ የመኪናው እርጅና ይቀነስልኝ ከተባለ በጎ ፈቃደኞቹ አይነኩትም። የማይል መዝገብ ደግሞ የግድ ነው። ከመተግበሪያው የሚወጣው የዓመት ማጠቃለያ ሁሉንም የሥራ ማይል ላይይዝ ስለሚችል የራስ ደብተር ያስፈልጋል። ምድር ቤቱን ወይም ሌላ ቤት የሚያከራይ ሰው ወደ ሚከፈለው የሂሳብ ባለሙያ ቢሄድ ይሻለዋል፤ የኪራይ ገቢ ባብዛኛው ከዚህ እርዳታ ውጪ ነው።

የጓሮ አፈር ለናፈቀው ሰው ግን የጸደዩ ምርጥ ነገር የዘር ላይብረሪው ነው። በብዙ ቦታ ድሮ የመጻሕፍት ካርድ ይቀመጥባቸው በነበሩ ትንንሽ የእንጨት መሳቢያዎች ውስጥ ዛሬ የዘር ፖስታ ተሰድሯል፤ መሳቢያውን ሳብ ሲያደርጉት ፖስታዎቹ በፊደል ተራ ቆመዋል፣ በላያቸው ላይ የአትክልቱ ስምና ዘሩ የተሰበሰበበት ዓመት በእስክሪብቶ ተጽፏል። ያችን ዓመት ሳያዩ አይውሰዱ። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ይደክማል፤ የቲማቲም ግን በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመትም ይቆያል። ጥርጣሬ ካለ አሥር ፍሬ በእርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት ጠቅልሎ፣ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ ሞቅ ያለ ቦታ ማቆየት ነው። ሰባትና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጠ ዘሩ ደህና ነው፤ ከአምስት ካነሰ አብዝቶ መዝራት ወይም ሌላ ፖስታ መፈለግ ይሻላል።

ሌላው ስህተት የጊዜ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የመጨረሻው ውርጭ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ያልፋል፤ ከተማ መሃል ቀደም ይላል፣ ወደ ገጠሩ ይዘገያል። ቲማቲም ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ፣ ቃሪያ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሳምንት አስቀድሞ ቤት ውስጥ ይዘራል። ስለዚህ የቃሪያ ዘር በኤፕሪል መጨረሻ የወሰደ ሰው ዘግይቷል፤ ችግኝ መግዛቱ ያዋጣዋል። ቃሪያ ብርድ አይወድም፣ አፈሩ ወደ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ነው ቶሎ የሚበቅለው። ቀዝቃዛ መስኮት ሥር ያስቀመጠው ሦስት ሳምንት ጠብቆ «ዘሩ ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል፣ ዘሩ ግን ሙቀት እየጠበቀ ነበር። ጎመን በተቃራኒው ብርዱን ይችላል፤ ኮላርድ የሚል ፖስታ ካዩ በማርች መጨረሻ በቀጥታ መሬት ላይ ይዝሩት። ሲያድግ ነጭ ቢራቢሮ እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ስለምትጥል ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በስስ መረብ ካልተሸፈነ አባጨጓሬ ወንፊት ያደርገዋል።

በሶብላ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። መሳቢያው ውስጥ «ቤዝል» የሚል ፖስታ በርግጥ ይገኛል፣ ብዙውን ጊዜ ግን የጣሊያኑ ዓይነት ነው። ዘመዳሞች ቢሆኑም ሽታቸው አንድ አይደለም፤ ለበርበሬና ለንጥር ቅቤ የተፈለገውን መዓዛ አይሰጥም። የአገር ቤቱን ዘር ያለው ሰው ከምርቱ ጥቂት ፖስታ አድርጎ ለላይብረሪው ቢሰጥ ለሠፈሩ ሐበሻ ሁሉ ትልቅ ውለታ ነው።

ከምርቱ ዘር ለላይብረሪው መመለስ ግዴታ ባይሆንም ይመከራል። ለመመለስ የሚቀሉት ቲማቲም፣ ፎሶሊያና ሰላጣ ናቸው፣ በራሳቸው የአበባ ዱቄት ስለሚያፈሩ ዘራቸው ብዙም አይቀየጥም። ዱባና ዝኩኒ ግን ንብ ስለምታደባልቃቸው ከጎረቤት ጓሮ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም፤ እነሱን አይመልሱ። ፖስታው ላይ ኤፍ1 የሚል ከነበረም እንዲሁ፣ የዳቀለ ዘር ልጁ እናቱን አይመስልም። የቲማቲም ዘር ሲወጣ ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ይደረጋል፣ ትንሽ ውሃ ይጨመርበታል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከላይ ስስ ሻጋታ ሲጋርደውና ደህናው ዘር ታች ሲዘቅጥ በውሃ ታጥቦ እንዲደርቅ ሳህን ላይ ይሰጣል። ወረቀት ላይ ከተሰጣ ይጣበቅና ሲያላቅቁት ይጎዳል።

የዜግነት ዝግጅቱን በጥንቃቄ ይምረጡ፤ ዋናው ጥያቄ መጽሐፉ የትኛው እትም ነው የሚለው ነው። ማመልከቻቸውን ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ያስገቡ ሰዎች የሚፈተኑት በ128ቱ ጥያቄዎች ነው፤ እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ አለባቸው። ከዚያ በፊት ያስገቡት በድሮዎቹ 100 ጥያቄዎች፣ ከ10 ውስጥ 6 በመመለስ ያልፋሉ። መደርደሪያው ላይ ያለው ቡክሌት አሮጌው ሊሆን ስለሚችል ከመዋስዎ በፊት ስንት ጥያቄ እንደያዘ ይቁጠሩ። 65 ዓመት የሞላቸውና 20 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ እናትና አባት ደግሞ የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው፣ ፈተናውንም በአማርኛ መውሰድ ይችላሉ። ይህን ሳያውቁ ሙሉውን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ለመሸምደድ የሚደክሙ አዛውንቶች ያሳዝናሉ፤ ልጆቻቸው ይንገሯቸው። የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ቡድኑ ጥሩ ነው፣ ግን ትምህርት ቤት አይደለም፤ ሰዋስው ፈልጎ የሄደ ይሰላቻል፣ አፉን ለመፍታት የሄደ ይጠቀማል።

የሕፃናት ተረት ሰዓት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው፣ በዕድሜ ይከፈላል። ክፍሉ በእሳት አደጋ ደንብ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ስለማይዝ አንዳንድ ቦታ አስቀድሞ ቁጥር ይታደላል፤ 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ይድረሱ። ትልቁ ጉድለት ሰዓቱ ነው፦ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ማድረግ ለሚሠራ ወላጅ የተከለከለ ያህል ነው። ከዚህ የሚበልጠው ኬጂ ከመግባት በፊት 1,000 መጽሐፍ የሚባለው ፕሮግራም ነው። በቀን ሦስት ቢነበብ በዓመት 1,095 ይሆናል። በአማርኛ የተነበበው ይቆጠራል፣ ያው አንዱ መጽሐፍ ሲደጋገምም ይቆጠራል። አማርኛው ቤት ውስጥ እንዳይጠፋ ለሚጨነቅ ወላጅ ይህ የተመቸ ሰበብ ነው።

የአማርኛ መጽሐፍ ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። መፍትሔው ከሌላ ላይብረሪ ማስመጣት ነው። በግዕዝ ፊደል ሲፈልጉት «የለም» ቢል አይመኑት፤ ብዙው የአማርኛ መጽሐፍ የተመዘገበው በላቲን ፊደል ነው፣ አጻጻፉም እኛ በስልክ ከምንጽፈው ይለያል። የደራሲውን ስም በሁለት በሦስት ዓይነት ሆሄ ይሞክሩ፣ ካልሆነ የመጽሐፉን ሽፋን ፎቶ ለሠራተኛዋ ያሳዩ። ለመድረስ ሳምንታት ይወስዳል፤ ለክረምት ንባብ ከሆነ በኤፕሪል ይዘዙ።

ላይብረሪው የሚያወጣው ያገለገለ መጽሐፍ ሽያጭ ቀላል ነው፦ ለልጆች መጽሐፍ በመጀመሪያው ሰዓት፣ በርካሽ ለመጫን በመጨረሻው ቀን ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ብዙ ቦታ በከረጢት ነው የሚሸጠው። የፓስፖርት ማመልከቻ የሚቀበል ላይብረሪ ካለ ለክረምት አገር ቤት የሚሄድ ቤተሰብ አሁኑኑ ቀጠሮ ይያዝ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለቱም ወላጆች መገኘት አለባቸው፣ አንዱ ካልቻለ በኖታሪ የተረጋገጠ ፈቃዱን ይልካል።

በዓላችንን የላይብረሪው ካላንደር አያውቀውም። በ2026 የምዕራባውያን ትንሣኤ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው፤ ጥሩ ጥሩው ፕሮግራም ቅዳሜ ሹር ላይ ቢወድቅ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ የነገራቸው ሰው የለም እንጂ። በአማርኛ የተረት ሰዓት የሌለበትም ምክንያት ብዙ ቦታ ይኸው ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለልጆች ክፍል ኃላፊዋ ነው፤ ከሦስት አራት ቤተሰብ ስም፣ ከሚያነብ በጎ ፈቃደኛና ከሚመች ሰዓት ጋር በአንድ ገጽ ይጻፍ። ፕሮግራሙ ከሁለት ሦስት ወር በፊት ተዘጋጅቶ ስለሚያልቅ የጸደዩ አልፏል፤ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ የሚፈልግ እስከ ሜይ መጨረሻ ያስገባ።