የፈረንጅ ሱፍ ዘር፦ ድቅል ወይስ ነፃ ተዳቃይ?

ባሕር ዳር ዙሪያ የፈረንጅ ሱፍ የሚዘራ ገበሬ ዘር ከመምረጡ በፊት የከርሞውን ዘር ከየት እንደሚያመጣ ያስብ።

ድቅሉ ከሁለት የጠሩ መስመሮች (ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው ጋር ብቻ ከተዳቀሉ ዘሮች) ይወለዳል። እናቲቱ የአበባ ብናኝ የላትም፤ ይህ ጠባይ በ1969 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከዱር ዘመዱ ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። አባትየው ብናኙን የሚመልሰውን ጂን ያወርሳል። ማሳው ቁመቱ እኩል፣ መድረሻው አንድ ላይ ነው፤ ለዘይት መጭመቂያ የሚያቀርብ ሰው ይህን ይወደዋል። ምርቱን መልሶ ቢዘራው ግን ይበታተናል፦ አንዱ ረዥም፣ አንዱ ድንክ፣ ከአራት አንዱ ገደማ ብናኝ አልባ።

ነፃ ተዳቃዩ፣ ማለትም ንብ በማሳው ውስጥ እንደልብ የምታዳቅለው ዝርያ፣ ሳይገዙ ይከርማል፤ የውስጥ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነም በሽታ ቢነሳ ሁሉም በአንዴ አይመታም። ችግሩ ያለው ዘር አያያዙ ላይ ነው። ግዙፍ የሆኑ አምስት ስድስት ራሶችን ብቻ መርጦ የሚያስቀር፣ ዘሩን በዝምድና ያደክመዋል። ከማሳው መሃል ቢያንስ ከ100 ጤነኛ ራስ፣ ከእያንዳንዱ እኩል መጠን ይወሰድ። ዳር ዳሩን ንብ ከጎረቤት ድቅል ጋር ትቀላቅለዋለች (ንቧን ማባረር ግን ምርትን ማባረር ነው)።

ውሃ የሚተኛበት የጣና ዳር ጥቁር አፈር ለሁለቱም አይሆንም። ዘር በየዓመቱ በወቅቱ ለማይደርሰው ገበሬ ነፃ ተዳቃዩ ይሻላል።